ክኒኑ በማን እጅ ይዋጥ

በዚያ ጠዋት ጀሊላ ዝንጅብል ትወቅጥ ነበር። ዘነዘናውን በቀኝ እጇ ይዛ፣ በግራ መዳፏ የሙቀጫውን አፍ ጋርዳ፣ ፍንጣሪው እንዳይባክንባት እየተጠነቀቀች። ዝንጅብሉ ደቀቅ ሲል ሄል ጨመረችበት፤ ከዚያ ቅርንፉድ፤ ከዚያ የቀረፋ ስባሪ። ይህን ሁሉ የምትሠራው በእጇ ልማድ ብቻ ነው። ዓይኗ ከመንገዱ ማዶ፣ ከነጻነት ጁስ ቤት ደጃፍ፣ ከሰማያዊው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር።

«ይዩልኝ እትዬ አረጋሽ» አለችኝ። «ዛሬም እዚያው ተቀመጠች።»

እኔ ከሻይ ቤቷ በር አጠገብ ተቀምጬ የልብስ ጠርዝ እሰፋለሁ፤ ብርሃኑ እዚያ ጥሩ ነው። ከመነጽሬ በላይ ቀና ብዬ አየሁ። ናኢማ ነበረች። ሆዷ ገፍቶ፣ ቀሚሷ ከፊት አጥሮባት፣ አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ይዛለች። ነጻነት ፊት ለፊቷ ቆማ፣ የማንጎ መላጫ ቢላዋዋን አየር ላይ እያወዛወዘች አንድ ወሬ ታወራላታለች። ናኢማ ሳቀች። በሳቋ መሐል ክኒኗን አፏ ውስጥ ጣል አደረገችና በጎምዛዛ የፓሽን ፍሬ ጁስ ዋጠችው።

ጀሊላ ዘነዘናውን ከፍ አድርጋ አንዴ አሳረፈችው። ሙቀጫው ከጠረጴዛው ላይ ዘለለ።

እዚህ ካምፓላ፣ ካምዎክያ ሰፈር ውስጥ ጀሊላን በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው። ቦዳ የሚባለውን የኪራይ ሞተር ሳይክል የሚነዱት ልጆችም፣ ገበያ ውስጥ ማቶኬ፣ ያን ለወጥ የሚሆን አረንጓዴ ሙዝ፣ የሚሸከሙትም «ማማ ጫይ»፣ የሻይ እናት፣ ነው የሚሏት። ሻይዋ ወፍራም ነው፤ ቅጠሉ በደንብ ይፈላል፣ ቅመሙ ይገባበታል፣ ወተቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ማሰሮ ጥቂት ጠብታ መዳፏ ላይ ታፈስና ትልሳለች። ካልጣማት ደንበኛ ተሰልፎ ቢጠብቅም አትቀዳም። «ያልጣመኝን ለሰው አላጠጣም» ትላለች።

የመጣችው ከኮምቦልቻ ነው። ባሏ ሸረፈዲን መጀመሪያ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ አሁን ወደ ጁባ ጭነት ያመላልሳል፤ ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። የጀሊላ እህት ስትሞት ግን ናኢማን ትታላት ሄደች፤ ገና ጥርሷን ያልቀየረች፣ በጀርባ የምትታዘል ልጅ። ጀሊላ ካምፓላ ይዛት መጣች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት፣ ጸጉሯን የሠራችላት፣ ለኡዋይስ የዳረቻት እሷ ናት። ኡዋይስ መሐል ከተማ የስልክ ቻርጀርና ሽፋን ይሸጣል፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ጠዋት በጊዜ ወጥቶ ይሄዳል።

ናኢማ የመጀመሪያዋን ስትወልድ ደም ፈሰሳት። ልጁ አልተረፈም። እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። ጀሊላ ያንን ቀን በቃል አትናገረውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስኒ እያጠበች፣ «አልጋው ላይ እጇን ስይዘው እንደ ሰም ነበር እትዬ» ብላኛለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ስለዚህ ናኢማ ሁለተኛውን ባረገዘች ጊዜ፣ ጀሊላ ከደስታዋ ይልቅ ፍርሃቷ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ኪቡሊ ሰፈር ባለች ትንሽ ክሊኒክ ለሊሴ የምትባል የጅማ ልጅ አለች፤ ነርስ ናት፤ የእኛ አገር እርጉዞች ወደ እሷ ይሄዳሉ። ለሊሴ የናኢማን ጣት ወግታ ደሟን ለካችና «አንሷል» አለች። «አንቺ ከዚህ በፊት ደም የፈሰሰሽ ሴት ነሽ። ደሟ ሞልቶ ምጥ የገባች ሴት ቢፈሳትም ትችለዋለች። በአነሰ ደም የገባች ግን ትንሹም ይጎዳታል። እስክትወልጂ ድረስ መሙላት አለብን።» ብላ የብረት ክኒን ሰጠቻት። በቀን አንድ፣ ጠዋት፣ ከምግብ በፊት።

ናኢማ ግን ክኒኑን መዋጥ አቃታት። ሽታው የዛገ ቆርቆሮ ነው አለች። ቤቷ ሞከረችው፤ አስመለሳት። ሻይ ቤት መጥታ ሞከረችው፤ የሳምቡሳው ዘይት ሽታ ተጨመረበትና ከነቁርሷ ወጣ። አንድ ቀን ከታክሲ ወርዳ ስታልፍ ነጻነት ጠራቻት፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት፣ ከጁስ መፍጫዋ ጎምዛዛ ፓሽን ቀዳችላት፣ ስለ አንዲት ደንበኛዋና ስለ ጠፋ ዊግ አንድ ታሪክ ጀመረችላት። ወሬው ሳያልቅ ክኒኑ ገብቶ አለቀ።

ነጻነት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ጉለሌ ነው ያደገችው። ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ትልቅ፣ ለብቻዋ የምትኖር። ስትስቅ መንገድ ላይ ያለ ሰው ዞሮ ያያታል። ናኢማን በእውነት ትወዳታለች፤ ይህን ጀሊላም ታውቃለች። የሚያቃጥላትም እሱ ነው። የጠላሽን ሰው ልጅሽን ከልክለሽው ታርፊያለሽ፤ የሚወዳትን ምን ብለሽ ትከለክይዋለሽ?

የነጻነት ሳቅ መንገዱን አቋርጦ በመጣ ቁጥር የጀሊላ ስኒዎች ይንኳኳሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ትላለች።

«ምን አለቻት?»

«አልሰማሁም ጀሊላ።»

«እርስዎ ጆሮዎ ደህና ነው፤ አልነግርም ብለው ነው።»

አንድ ሳምንት አካባቢ ቻለችው። ከዚያ አልቻለችም። ናኢማ ጁሷን ጨርሳ፣ ኩባያውን መልሳ፣ እንደ ልማዷ ሽንኩርት ልታግዛት ስትመጣ ጀሊላ ቢላዋውን አልሰጠቻትም።

«እኔ ወተት አጥቼ ነው?» አለቻት።

«የምን ወተት እማ?»

«መድኃኒትሽን ሰው ቤት የምትውጪው። ክኒን በጎምዛዛ ይዋጣል? ሆድሽን ይልጠዋል እኮ። እኛ አገር መድኃኒት ያለ ወተት ማን ይሰጣል? መርዝ የጠጣ ሰው እንኳ ወተት ነው የሚጋት።»

«እሺ እማ። ግን ሰው ቤት አትበዪ። ነጹ ባዳ አይደለችም።»

ጀሊላ ሽንኩርቱን ብድግ አደረገችና ጀርባዋን ሰጠቻት። ከዚያ በኋላ ያለችውን እኔም ናኢማም በጭንቅ ነው የሰማናት። «እኔ ነኝ እንግዲህ ባዳዋ።»

ናኢማ ይህን መሸከም የምትችል ልጅ አይደለችም። በማግስቱ ከታክሲ ስትወርድ በቀጥታ ወደ ሻይ ቤቱ መጣች። ጀሊላ ከሌላው ቀን ቀድማ ተነስታ፣ ከላሟ ባለቤት በር ላይ ትኩስ ወተት ተቀብላ፣ ለእሷ ብቻ በትንሿ ድስት አፍልታ ጠበቀቻት። ሻዩ ወፍራም፣ ወተቱ ወፍራም፣ ስኳሩ የተትረፈረፈ። ዘይቱንም ገና አልጣደችም፤ ሽታ እንዳይኖር። በራሷ ሻርፕ ጥግ የናኢማን አፍንጫ ያዝ አድርጋ «ዋጪ» አለቻት። ናኢማ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች። ወጣ አላለም።

ጀሊላ በዚያን ቀን ስትሠራ መንዙማ ታንጎራጉር ነበር።

ነጻነት ከማዶ ሁለት ቀን ዝም ብላ አየች። በሦስተኛው ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ መንገዱን ተሻገረች።

«ጀሉ፣ ደንበኛዬን ቀማሽኝ አይደል? ቆይ፣ እኔም ሻይ እጀምራለሁ።»

«ጀምሪያ! ሻይ እንደ ማንጎ መጭመቅ መሰለሽ? እጅ ይፈልጋል።»

«እጅሽንስ ይባርከው። ልጅቷን ግን አደራ። ክኒኑ እንዳይቀርባት።»

«የኔን ልጅ ለኔ አደራ ትያለሽ?»

ነጻነት ሳቋ ግማሽ ላይ ቆመ። «ተይው ጀሉ» አለችና ተመልሳ ሄደች። አግዳሚውን ወለወለችው፤ ሰው አልተቀመጠበትም ነበር።

ጀሊላ አሸንፋለች ማለት ነው። ግን ማሸነፏ ናኢማ ፊት ላይ አልታየም። የከንፈሯ ቀለም ዓመድ ነው። ከታክሲው መውረጃ እስከ እኛ ያለችውን ትንሽ ዳገት ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ጀሊላ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ጎትታ ታያለች፤ ነጭ ነው። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣላት። አንድ ክኒን ካልበቃ ሁለት ይሁን። ከሰዓት በኋላም አንድ፣ ያው በወተት ሻይ። ከአገር ያስመጣችውን የቀይ ጤፍ ገንፎም ጨመረችበት። «ቀይ ጤፍ የበላ ሰው ደም አይጎድለውም» ትላለች። ለሊሴን አልጠየቀችም። ለሊሴን ብትጠይቅ በጁስ ዋጪ ትላት ይሆናል ብላ ሳትፈራ አልቀረችም።

ናኢማ ሆዷ ድርቅ አለ። ቁርጠት ጀመራት። «ጥቁር ነው የሚወጣኝ» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ጀሊላን ማስጨነቅ አልፈለገችም። እኔም ውሃ አብዢ አልኳት።

አንድ ቀትር ላይ ጀሊላ የስኒ እጣቢ ልትደፋ ወደ መንገዱ ዳር ወጣ ስትል ናኢማን አየቻት። ከነጻነት ጁስ ቤት ጓሮ ወጥታ መንገዱን ተሻግራ እየመጣች ነው። ጉንጯ በአንድ ነገር ተወጥሯል። ጀሊላን ስታይ ደነገጠች፤ አፏ ውስጥ ያለው ነገር ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጀሊላ እጣቢውን እንደያዘች፣ በሳሙና እጇ፣ መንገዱን አቋርጣ ጁስ ቤቱ ፊት ቆመች፤ እኔም ተከተልኳት። ሮሌክስ የሚሉትን ምግብ እየበሉ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ቻፓቲ ቂጣቸው ውስጥ የተጠቀለለውን እንቁላል አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ።

«በፊት በር ሲዘጋብሽ በጓሮ ጀመርሽ?»

«ምን ጀመርኩ?»

«ተደብቀሽ የምትሰጫት ምንድነው? ለዚህ ነው መድኃኒቴ እምቢ ያለው! እኔ ስገነባ አንቺ ታፈርሻለሽ!»

ነጻነት ቢላዋዋን አስቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ነጻነት ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ያየሁት ያኔ ነው። «በረዶ ነው የጠየቀችኝ። የጁስ በረዶ። ቆረጣጥማ ትበላዋለች። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሰጠኋት። አሁን በየቀኑ ነው የምትጠይቀኝ፤ ስከለክላት ደግሞ ትለምነኛለች። ጀሉ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ወደ ለሊሴ ውሰጃት።»

«መቼ እንደምወስዳት አንቺ አትነግሪኝም» አለች ጀሊላ። ግን በማግስቱ ጠዋት ወሰደቻት። እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ እንደዚህ ላለው መንገድ ሽማግሌ ሴት አብሮ ሲኖር ጥሩ ነው ትላለች።

ክሊኒኩ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ የእርጉዝ ሴት ሥዕል ያለበት ግድግዳ። ለሊሴ ጣቷን ወጋች፣ ጠብታዋን ወሰደች፣ ማሽኗ ላይ ያለውን አየች። ደግማ አየችው። ከዚያ በሌላኛው ጣት ደገመች።

«ወርዷል» አለች። «ምን ሆናችሁ ነው? ባለፈው ስትመጣ እኮ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። ክኒኑን አቁመሻል?»

«ኧረ!» አለች ጀሊላ ቀድማ። «ራሴ ነኝ የማስውጣት። እንዲያውም በቀን ሁለት አድርጌዋለሁ።»

ለሊሴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሁለት ማን አለ? በምንድነው የምትውጠው?»

ጀሊላ ቀና አለች። በሥራዋ የምትኮራ ሴት ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ እንደምትሆነው። «በወተት ሻይ። ለእሷ ለብቻዋ አፈላላታለሁ፤ ከላሟ እንደወጣ፣ ውሃ ያልነካው ወተት።»

ለሊሴ ወንበሯን ጎትታ ከጀሊላ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እንደ ልጅ ነው የነገረቻት፤ በቁጣ አልነበረም።

«እናቴ፣ ይስሙኝ። ክኒኑን መዋጥ ማለት ብረቱ ደም ገባ ማለት አይደለም። ጨጓራ ውስጥ ይሟሟል፤ ከዚያ ከጨጓራ ወጣ እንዳለ ባለችው የአንጀት ክፍል ነው የሚገባው። ዋናው በሩ እዚያ ነው። ብዙ እንኳ አይገባም፤ ከዋጥነው ውስጥ ትንሹ ነው የሚያልፈው። ሻይ ደግሞ፣ ያ ወፍራም ሲሆን ምላስ የሚያኮማትረው ነገር አለው አይደል? እሱ ብረቱን እዚያው አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። የተያዘ ብረት በበሩ አያልፍም፤ አብሮ ይወጣል። ወተትም ውስጥ ለአጥንት የሚሆነው ነገር በሩ ላይ ይጋፋዋል። ስለዚህ ወተት ሻይ ማለት...»

አልጨረሰችውም። ጀሊላ መዳፏን ታይ ነበር፤ ሻይ የምትቀምስበትን መዳፍ።

«ሁለት ማድረጌስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሰውነት በብረት ላይ ጠንቃቃ ነው። ሲበዛ መርዝ ስለሚሆንበት ይፈራዋል። አንድ ክኒን ሲገባ ጉበት 'ይበቃል፣ ዝጉ' ብሎ መልእክት ይልካል፤ በሩ ጠበብ ይላል። እስከ ማግስቱ ድረስ ደህና አድርጎ አይከፈትም። ከሰዓት በኋላ ያለው ሁለተኛው ብዙ ሥራ አይሠራም፤ ያልገባው አንጀት ውስጥ ቀርቶ ቁርጠትና ድርቀት ነው የሚያመጣው። ሰገራዋ ቢጠቁር ግን እሱ ራሱ አያስፈራም፤ ያልገባው ብረት ነው፤ በአንዱም ይመጣል።»

«ቀይ ጤፉስ?»

«ትብላ፣ ጥሩ ነው። ግን የእህል ብረት ከክኒኑም በላይ ለመግባት ይቸገራል። ልጄ፣ አንቺ ደግሞ በረዶ እየበላሽ ነው?»

ናኢማ አንገቷን ደፋች።

«አውቄያለሁ። ብረት ያነሰው ሰው በረዶ ያምረዋል፤ አንዳንዷ አፈርም ያምራታል። አትፈሪ። ጎምዛዛ ነገር ግን ብረቱን እንዲገባ ይረዳዋል፤ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ፓሽን። በፊት በምን ነበር የምትውጪው?»

ናኢማ ጀሊላን አየቻት። ጀሊላ ራሷ መለሰች።

«በፓሽን።»

«በቃ ያው ነው። ሻዩን ከክኒኑ አርቁት፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይለፈው። ደም ለመሠራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ጥቂት ሳምንታት አሉን። ከነገ አንድ ቀን አታሳልፉ። ደሟ ከፍ ካላለ በደም ሥር የሚሰጥ አለ፤ ትልቁ ሆስፒታል እልካታለሁ። እዚያ ሳትደርስ ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሦስታችን አንድ ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀመጥን። ናኢማ በመስኮቱ በኩል እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጭንቅላቷ የጀሊላ ትከሻ ላይ ወደቀ። ጀሊላ ሳትንቀሳቀስ ተሸከመችው።

«እኔ ነኝ ያወረድኩባት» አለች።

«አላወቅሽም።»

«አላወቅሁም። ግን እትዬ፣ ብጠይቅ አውቅ ነበር። ያልጠየቅሁት ለምን እንደሆነ አላህ ያውቃል፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

ታክሲው ሰው ለማውረድ ቆመ፣ ተነሳ። ትንሽ እንደሄድን እንደገና ድምጿ መጣ፤ አሁን የድሮው ጀሊላ ድምፅ ነበር።

«ፓሽን ገበያው ሞልቷል። ፍሬውን ነጻነት አልወለደችው። እኔ ራሴ እጨምቅላታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ቤቷ ሎሚ ነበራትና በሎሚ ጀመረች። ሻይም ዘይትም አልጣደችም፤ ደንበኞቿን «ቆይ፣ ቆይ» እያለች በር ላይ አቆመቻቸው። ሎሚውን በእጇ ጨመቀች፤ ፍሬው እንዳይገባ በጣቶቿ መሐል አጠለለችው፤ ስኳር ጨመረች። ናኢማ ተቀመጠች። ጀሊላ ከፊቷ ቆማ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ወሬ ልትጀምርላት ፈለገች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ግን በጭንቀት የተያዘ ሰው ምን ወሬ አለው?

«ዋጪው የኔ ልጅ። ዋጪው። እንዳትተፊው። ደምሽ ነው።»

ናኢማ ዋጠች። ፊቷ ተለወጠ፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ወደ ጓሮ ሮጠች። ክኒኑ ከነሎሚው ወጣ።

«ይቅርታ እማ» አለች ስትመለስ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «ሎሚው አይደለም። ስታዪኝ... እኔም ሽታውን አስበዋለሁ። እዚያ ሳለሁ ሳላስበው ነው የሚገባልኝ።»

ይቺ ናት ነገሩን ሁሉ የያዘችው ቃል። ጀሊላ ግን በዚያ ቀን አልተቀበለቻትም። «የሎሚው ሽታ ነው» አለች። «ነገ ፓሽን ይሆናል።»

በነጋታው ጎህ እንደቀደደ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች። እኔ መርፌዬ ላይ ክር እያስገባሁ ነበር። «ገበያ ደርሼ መጣሁ እትዬ። የበሰሉትን፣ ቆዳቸው የተጨማደደውን ልምረጥ። ናኢማ ከመጣች ያስቀምጡልኝ» አለች። መንገዱን ተሻገረች። ወደ ገበያው የሚታጠፈው መንገድ በነጻነት ጁስ ቤት በኩል ነው።

ነጻነት በሯን ከፍታ ነበር፤ ጀሊላን አላየቻትም። አግዳሚውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፤ በደረቅ ደገመች። ከዚያ ገባ ብላ ያችን አረንጓዴ ኩባያ አወጣች። ለቀለቀቻትና ናኢማ ትቀመጥበት በነበረው ጥግ፣ አቧራ እንዳይገባባት፣ በአፏ ደፍታ አስቀመጠቻት። ማንም አልጠየቃትም። ናኢማ ከቀረች ስንት ቀኗ ነው! ጠዋት ጠዋት እንዲህ ታደርግ እንደነበር ጀሊላ ያኔ ነው ያወቀችው፤ እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ ያኔ ነው ያየሁት።

ጀሊላ ዘንቢሏን ይዛ መንገዱ ዳር ቆመች። የቦዳ ልጅ «ማማ ጫይ፣ ልውሰድሽ?» አላት፤ አልሰማችውም።

ናኢማ ከታክሲ ወርዳ ዳገቱን ስትወጣ ታየች፤ መሐል ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ እንደገና ወጣች። ጀሊላን ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረችና ወደ ሻይ ቤቱ ዞረች፤ ጓሮ ሮጦ ማስመለሱ ዛሬም እንደሚጠብቃት እያወቀች።

«ናኢማ» አለቻት ጀሊላ።

«አቤት እማ።»

ጀሊላ ጉሮሮዋን ጠረገች። ቃሉ ከክኒኑ የባሰ ነበር የሚመስለው። በአገጯ ወደ አግዳሚው አመለከተች።

«እዚያ ሂጂ።»

«እማ?»

«ሂጂ እልሻለሁ! አንቺ ነጻነት፤ ወሬ የለሽም እንዴ ዛሬ? ልጅቷ ቆማ ቀረች እኮ!»

ነጻነት ብቅ አለች። ጀሊላን አየቻት፤ ናኢማን አየቻት። ትቀልዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልቀለደችም። ኩባያዋን ቀና አደረገችና «ነይ ቁጭ በይ» አለች። «ያ የዊጉ ነገር እኮ አላለቀም ነበር።»

ጀሊላ ወደ ገበያው አልታጠፈችም። መንገዱን ተሻግራ ተመለሰች። ባዶ ዘንቢሏን በሩ ላይ ካለው ምስማር ሰቀለችው፤ ሙቀጫዋን ሳበች፤ ዝንጅብል አነሳች። ግራ መዳፏን አፉ ላይ ጋርዳ መውቀጥ ጀመረች። ከማዶ የናኢማ ሳቅ መጣ፤ ረጅም ሳቅ ነበር፤ መሐል ላይ ትንሽ ዝም አለና ቀጠለ። ዘነዘናው ቆመ።

«ገባላት?» አለችኝ።

«ገባላት።»

ዘነዘናውን አነሳች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ዝንጅብሉ ይሆናል። ጎንበስ ብላ ወደ እኔ ተጠጋች።

«ምን ብላት ነው እንደዚህ የምታስቃት?»

«እኔ እንጃ ጀሊላ።»

«አልነግርም ብለው ነው» አለችና አጥብቃ ወቀጠች። ፓሽኑን ሳትገዛ ቀረች።